የሚረጋ ጎበዝ ጠፋ

እናንተ የኔ ቢጤዎች፣ ጋቢያችሁን ተከናንባችሁ በር ላይ የምትቀመጡ፣ ያለፈ ያገደመውን እያያችሁ «ወይ ጊዜ!» የምትሉ ወገኖቼ፣ እስቲ ጠጋ በሉና አብረን እንማረር። ዘመኑ ያልነካው ምን ቀረ? የከተማችን የመካነ ሰላም ብርድ እንኳ የድሮው አይደለም፤ የድሮው አጥንት ያጠነክር ነበር፣ የዛሬው ያስነጥሳል። እንጀራው ሳስቷል፣ ጠላው ቀጥኗል፣ ዶሮው ሌሊቱን ረስቶ ባጃጅ ካልተነሳ አይጮህም። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ጎበዝ የተባለ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ አልረጋም ማለቱን ነው። ሯጩ አይረጋ፣ በረኛው አይረጋ፣ ተማሪው አይረጋ፤ መምህሩ ደግሞ ከተማሪው ብሶ ቀድሞት ውልቅ ይላል።

ይህን ቁስል የነካካብኝ የእህቴ የልጅ ልጅ ነው። ሜሪላንድ ይኖራል። መጋቢት በገባ ቁጥር ስልክ አያነሳም፤ ቢያነሳም «አባባ፣ ጨዋታ ላይ ነኝ፣ በኋላ ልደውል» ነው። ጨዋታው የኮሌጆች ቅርጫት ኳስ ነው። 68 ኮሌጅ ተሰልፎ፣ አንዴ የተሸነፈ ጓዙን ሸክፎ ወደ ቤቱ፣ አንድ እስኪቀር ይቀጣቀጣል። ቂጡ የተቀደደ ቅርጫት ተራራ ላይ ሰቅለው ኳስ ይከቱበታል፤ የገባው መልሶ ይወድቃል። እናቴ ቅርጫቷ ሲቀደድ ትሰፋው ነበር እንጂ ሃያ ሺህ ሰው ጠርታ አታስጨበጭብበትም። እኔ እንዲህ ያለ ከንቱ ነገር አላይም። ልጁ የላከልኝን ስልክ ይዤ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የምነሳው እንቅልፍ ስለማጣ ብቻ ነው።

የጥንቱን ታሪካቸውን ሲነግረኝ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ራራ። ለካ እነሱም ደህና ዘመን ነበራቸው። ካሊፎርኒያ ዩሲኤልኤ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ጆን ውድን የሚባሉ መምህር ነበሩ። በፈረንጅ ከ1948 እስከ 1975 እዚያው ረግተው፣ በ12 ዓመት ውስጥ 10 ዋንጫ አነሡ። ከኒው ዮርክ ድረስ አንድ ዘንካታ ልጅ መጣላቸው፤ በኋላ ከሪም አብዱልጀባር የተባለው ነው። በዚያ ዘመን ደንቡ ጥብቅ ነበርና አንደኛ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን አይሰለፍም። ያ ሁሉ ቁመት ቁጭ ብሎ አንድ ዓመት ተራውን ጠበቀ! ከዚያ ሦስት ዓመት ተጫወተ፣ ሦስቱንም ዓመት ዋንጫ። ሲጨርስ ተመርቆ ወጣ። ይሄ ነው ትምህርት፣ ይሄ ነው ሥርዓት፣ ይሄ ነው ወላጅ ያሳደገው ልጅ።

የዛሬውን ስሙ እንግዲህ። በ2018፣ አሁንም በእነሱ አቆጣጠር፣ አንድ መዝገብ ከፈቱ። መሄድ ያሰኘው ተጫዋች ስሙን እዚያ ያስገባል፤ የአገሩ አሠልጣኝ ሁሉ ያያል፣ ይደውላል፣ ያባብላል። ቀድሞ የኮበለለ ተጫዋች አዲሱ ኮሌጅ ገብቶ አንድ ዓመት ሳይሰለፍ ይቀጣ ነበር። በ2021 ለመጀመሪያው ዝውውር ቅጣቱ ተነሣ። በ2024 ትምህርቱን እስካልጣለ ድረስ እንዳሻህ ዙር ተባለ። በዚያው በ2021 በስሙና በመልኩ ገንዘብ እንዲያገኝ ተፈቀደለት፤ በ2025 ደግሞ ኮሌጁ ራሱ ከካዝናው ይክፈል ተባለ፣ ለአንድ ኮሌጅ ስፖርተኞች ሁሉ በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ተማሪ ነው እንግዲህ ይህ! እኛ ተማሪ ሳለን ቁራሽ እንለምን ነበር እንጂ ካዝናውን የሚከፍትልን ደብር አልነበረም።

«የትኛው ኮሌጅ ነው ታዲያ ጎበዝ መያዝ የሚያውቅበት?» አልኩት ልጁን። መልሱ ሌሊቱን ፈጀ። ኬንታኪ የሚባለው በጆን ካሊፓሪ ጊዜ የአገሩን ምርጥ ልጆች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይለቅማል፤ ልጆቹ አንድ ዓመት ተጫውተው ወደ ባለ ደሞዙ ሊግ ይበራሉ። በ2012 በአንደኛ ዓመት ልጆች ዋንጫ በላበት። ሰውዬው ራሱ ደግሞ በ2024 ትቶት አርካንሳስ ገባ። ዱክ የሚባለው ማይክ ሽሸቭስኪ የሚሉትን አሠልጣኝ ከ1980 ጀምሮ 42 ዓመት ይዞ ነበር። 42 ዓመት! ስሙን ለመጥራት ምላስ ቢያስቸግርም ሰውየውን ወደድኩት። ግን እሱም እርጅናው ላይ ለአንድ ዓመት የሚመጡ ልጆች ማስገባት ጀመረ፤ እሱ ከሄደ በኋላ የመጣው ኩፐር ፍላግ የተባለ ልጅም አንድ ዓመት ተጫውቶ በ2025 የባለ ደሞዞቹ ቁጥር አንድ ምርጫ ሆኖ ወጣ። በዚያው ዓመት ዋንጫውን የበላው ፍሎሪዳ ነው፤ የፍጻሜዎቹ ኮከብ የተባለው ዋልተር ክሌይተን ታዲያ ፍሎሪዳ ያበቀለው አልነበረም፣ አዮና ከሚባል ትንሽ ኮሌጅ የመጣ ነው። አንዱ ለጋውን ይገዛል፣ አንዱ ሌላው ያሳደገውን ይገዛል። የሚያሳድገው ማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን ቅዱስ ጴጥሮስ ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ትንሽ ኮሌጅ አለ። በእኛ መጋቢት 2014፣ ከምድቡ ግርጌ አጠገብ ተቀምጦ፣ ያንን ባለ ብዙ ገንዘብ ኬንታኪን 85 ለ79 ረታው። ሐዋርያውን ይዞ ማን ይሸነፋል? በዚያም አልበቃው፣ እስከ መጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች ደረሰ፤ በዚያ ደረጃ ላይ ከተቀመጡት ማንም ደርሶበት አያውቅም። እልል ብዬ ባለቤቴን ቀሰቀስኳት። እልልታው ሳይበርድ አሠልጣኙ ሴተን ሆል ወደሚባል ትልቅ ኮሌጅ ሄደ፣ ተጫዋቾቹም አንድ በአንድ ተበተኑ። ትንሽ ደብር ሆኖ ማሸነፍ ጥፋት ነው ማለት ነው። ዝም ብሎ ተሸንፎ ቢቀመጥ ኖሮ ልጆቹ አብረውት ይኖሩ ነበር።

በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ታስቦም አያውቅ። ቅኔ ቤት ኮሌጃችን ነበረ። ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግተን፣ ውሻ ስንመክት ውለን ማታ ሜዳ ላይ ተበትነን ቅኔ እንቆጥራለን። ከጉባኤ ቃና ትጀምራለህ፣ ሁለት ቤት ናት፤ ዘአምላኪየ ሦስት፣ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ እያልክ መወድስ ስትደርስ ስምንት ቤት ትሸከማለህ። የቆጠርከውን ለአስነጋሪው ትነግራለህ፤ አስነጋሪው ያርማል፣ ይገሥጻል፣ አንዳንዴም በጥፊ ያቀናል። ከዚያ የኔታ ፊት። የዛሬ አሠልጣኝ ተጫዋቹን ሲለማመጥ ሳይ እስቃለሁ። የኔታ ማንንም ለምነው አያውቁም። ተማሪው ነው ተራራ አቋርጦ፣ ጎርፍ ተሻግሮ የሚመጣላቸው።

እርግጥ የሚመጣው ዝም ብሎ አይደለም። መንገድ ላይ ተማሪና ተማሪ ሲገናኙ «የእናንተ የኔታ እንዴት ናቸው? ምሥጢራቸው ጠለቅ ይላል?» መባባል አለ። የዋድላ መንገድ እንዲህ ነው፣ የጎንጅ እንዲህ ነው፣ ዋሸራ ግን ይራቀቃል ይባላል። የአንዱ መምህር ቅኔ ጠፈፍ ብሏል የተባለ እንደሆነ በወሩ ጉባኤው ይሳሳል፤ ስሙ የገነነው ዘንድ ደግሞ ጎጆ መቀለሻ ሣር ይጠፋል። በሌላ በኩል ተዝካር የሚበዛበት አገርም አለ። ተዝካር በሚበዛበት አገር ጉባኤው ሞልቶ ይፈሳል፤ ይህ ግን ጥቅም ፍለጋ አይደለም፣ ጠኔ ነው። ጠኔና ዶላር ለየቅል ናቸው።

እኔ በበኩሌ በአንድ መምህር እግር ሥር ተንበርክኬ የተማርኩ ሰው ነኝ። መጀመሪያ እዚሁ አውራጃችን፣ የወሎው ቦረና፣ በአንድ መምህር እግር ሥር። (ወረዳ፣ ዞን፣ ክላስተር የምትሉትን አላውቅም፤ እኔ የማውቀው አውራጃ ነው።) የአገሩ ቁራሽ ሲቀጥን ወደ ዋድላ ወጣሁ፤ እዚያም በአንድ መምህር ብቻ። ኋላ «ቅኔ ያለው ጎጃም ነው» ሲሉ ሰማሁና ዓባይን ተሻግሬ ዲማ ጊዮርጊስ ወረድኩ፤ ዲማም እንዲሁ በአንድ መምህር እግር ሥር። የመጀመሪያው የኔታ ዘንድ የወጣሁት ሌሊት ነው። ፈርቼ አይደለም፣ አክብሬ ነው፤ በቀን ብሄድ ቅር ይላቸው ነበር። እንዲህ ያለ ይሉኝታ የዛሬ ልጅ ከየት ያመጣል? የዛሬው መዝገብ ላይ ስሙን ጽፎ፣ ፎቶውን ለጥፎ፣ «እናመሰግናለን» ብሎ በጠራራ ፀሐይ ነው የሚሄደው።

ይህንን ለሼሁ ጓደኛዬ ነገርኩት። እሱ በልጅነቱ ደረሳ ነበረ፤ ፊቅህ አንዱ ሼህ ዘንድ፣ ነህው ሌላው ሼህ ዘንድ፣ ተፍሲር ደግሞ ከሁለቱም ርቆ ሄዶ ተምሯል። «ወላሂ እኛም እናንተም ዞረን ነው የተማርነው፣ አሁን ምን ያናድድሃል?» አለኝ። ምን ታደርገዋላችሁ፣ እርጅና ነው። ድሮ እንዲህ አያምታታም ነበር።

ደግሞ ጎበዝ ሲረጋም መከራ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበባችሁ ታውቃላችሁ። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን የሚያስተምርላቸው የተማረ ጎበዝ ፈለጉ፣ በዛብህን አገኙ፤ አመጡት፣ አስቀመጡት። ከዚያ የሆነውን አልናገርም። እኔ ግን ሁልጊዜ የምለው፣ ያን ልጅ ሌላ ደብር ቀድሞ ቢወስደው ኖሮ መጽሐፉ አጭር፣ ቤቱም ሰላም ይሆን ነበር።

ስፖርታችን እንዴት እንደነበረ ደግሞ ላስታውሳችሁ። አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ነበር፤ ሮም በእኛ አቆጣጠር በ1952 በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮ በ1957 ጫማ አድርጎ፣ ሁለቱንም የክብር ዘበኛ ሆኖ። ማሞ ወልዴም እንዲሁ የክብር ዘበኛ። አንድም ቀን «ሌላ ክለብ ጠራኝ» አላሉም። ፍቅር ነው ያቆያቸው። ወታደር ጥሎ ሲሄድ ኮብላይ ይባላል፣ ኮብላይ ይታሰራል፣ እሱ እንዳለ ሆኖ ፍቅር ነው። የወህኒ ቤት ፖሊስ ሳይቀር የሯጭ ክለብ ነበረው፤ ሰው ማቆየት ከእነሱ የበለጠ ማን ያውቃል? በእግር ኳሱ መንግሥቱ ወርቁን አስቡ። በ1954 ግብፅን 4 ለ2 ረትተን የአፍሪካ ዋንጫ ስንበላ ካገቡት አንዱ እሱ ነው፤ ሲጫወት የኖረው ግን ለቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በ1928 የተመሠረተ ክለብ፣ የተመሠረተበትን ማልያ የሚያከብር ተጫዋች።

አሁንማ ክረምት ሲገባ ገበሬው ዘር ይዘራል፣ ክለቡ ሰው ይዘራል። አምና የጠላነው አጥቂ ዘንድሮ የኛ ነው፣ አምና የዘፈንንለት በረኛ ዘንድሮ ይሰድበናል። ልጅ የሚወደውን ተጫዋች ስም ማልያው ላይ ሊያጽፍ ሄዶ ቀለሙ ሳይደርቅ ተጫዋቹ ሌላ ከተማ ፈርሟል። ደሞዙ ከልክ አለፈ ተብሎ በ2011 ክለቦቹ በወር ከ50 ሺህ ብር አይበልጥ ብለው ጣሪያ አበጁ። ጣሪያ ጥሩ ነበር፤ ግን ጣሪያ ያለው ቤት ጓዳም አለው፣ እኔ ሌላ አልተናገርኩም። በ2016 ደግሞ ዋንጫውን ንግድ ባንክ ወሰደ። ባንክ! ባንክ የሰው ገንዘብ ያስቀምጣል እንጂ አጥቂ ያስቀምጣል? እኔ ያችን የጡረታ ብሬን ሳወጣ ሁለት ፊርማ ይጠየቅብኛል።

አንዳንዱን ደግሞ ክለብ ሳይሆን አገር ይወስደዋል። ነሐሴ 2016 ፓሪስ ላይ የሴቶች ማራቶን ያየ ሰው ያውቀዋል። የኛዋ ትዕግሥት አሰፋ በ3 ሰከንድ ሁለተኛ ወጣች፤ ያሸነፈቻት አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን ናት። እሷን ማንም አላስፈረማትም፤ ገና በ15 ዓመቷ በስደት ነው የሄደችው። ያን ቀን ተናድጄ ሬዲዮኑን ዘጋሁት። ኋላ አምስት ሺህ፣ አሥር ሺህና ማራቶን ሦስቱንም እዚያው ፓሪስ ሮጣ በሦስቱም ሜዳሊያ እንዳገኘች ስሰማ «ልጃችን እኮ ናት» ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ቡና ጋበዝኩ።

የእኛው መካነ ሰላምም ቢሆን ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሯጭ ያበቅላል። ጎሕ ሲቀድ በደሴ መንገድ ቁምጣ ለብሰው የሚበሩ ልጆች አያለሁ። ደሴ ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ጥዋት ሮጠው የሚቀሩ ይመስለኛል። ይቀራሉም። ከመካከላቸው ጠንከር ያለው አዲስ አበባ ለክለብ ፈተና ይሄድና ከዚያ ወዲያ የምንሰማው በቴሌቪዥን ነው። «ለምን እዚህ አይሮጡም?» ብዬ ስጠይቅ «ክለብ የለ፣ መም የለ፣ ምግብ የለ» ይሉኛል። ሰበብ ነው። አበበ ቢቂላ ጫማ ነበረው?

ዩኒቨርሲቲውንም እንዳልረሳ። ፈረንጁ ተማሪውን በስልክ ያባብላል፤ የእኛን ሚኒስቴሩ ይደለድለዋል። የወሎውን ልጅ ጅማ፣ የጅማውን ልጅ ወሎ። ያ ጥሩ ነበር፣ ልጅ አገሩን ያውቃል። ብቻ ያስቀየመኝ የልጅ ልጄን ሩቅ መድበውብኝ ነው፤ እሷን እዚሁ ቢተዉልኝ ምን ነበረበት? ደግሞም በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነና ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚያስገቡት ተማሪ አጡ። ውርደት! በእኛ ጊዜ ከአውራጃው ሙሉ አንድ ወይ ሁለት ሰው ነበር የሚያልፈው። ያ ነበር ጥራት ማለት።

እንግዲህ የልቤን ቁስል ልንገራችሁ። የከተማችን ቡድን በረኛ አልነበረውም። እኔ በሽምግልና ኮሚቴው ውስጥ ስለገባሁ ኃላፊነት ተሰማኝ። ከጎረቤት ከተማ፣ ስሟን አልጠራም፣ ጎረቤት ነች፣ አንድ ረጅም ልጅ እንዳለ ሰማሁ። ሄድኩ። አባቱን አነጋገርኩ፣ እናቱን አነጋገርኩ፣ አንድ ጠቦት በግ ይዤ ነበር፣ ለሰላምታ ነው። «ልጃችሁ ልጄ ነው፣ ቤቴ ይተኛል፣ እንጀራ አይጎድልበትም» አልኩ። ይህ ዝውውር አይደለም፤ ይህ ዝምድና ነው። ልጁ መጣ። አንድ ዓመት በረኛችን ሆነ፣ የማይያዝ ኳስ ያዘ፣ የእኔን ሽሮ በላ፣ ባለቤቴን «እማማ» አለ። ዓመቱ እንዳለቀ አንድ ሌላ ከተማ ሞተር ሳይክል አሳየውና ሄደ። በቀን ነው የሄደው! ተሰናብቶኝ ነው የሄደው! ጉንጬን ስሞ፣ «አባባ፣ አልረሳዎትም» ብሎ። ከዚህ በላይ ክህደት አለ?

የወሰዱትን ሰዎች አግኝቼ በቁጣ ተናገርኳቸው። ሰው ያሳደገውን ልጅ በንብረት ማማለል ከየት የመጣ ጠባይ ነው፣ ሕግ የለም ወይ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር የለም ወይ አልኳቸው። ሳቁብኝ። አንደኛው «አባቴ፣ የእርስዎስ በግ?» አለኝ። እኔ የማወራው ስለ ሞተር ሳይክል ነው፣ እሱ በግ ይለኛል። ከዚህ ትውልድ ጋር ቁም ነገር ማውራት አይቻልም፤ እናንተ እንኳን ሰማችሁኝ።

አሁንም ታዲያ በራችን ክፍት ነው፤ የመጣ ኳስ ሁሉ ይገባል። ትናንት ገበያ ላይ አንድ ሰው ከወደ ዓባይ በረሃ አንድ ግራ እግረኛ ልጅ አለ፣ በረኛም ያጫውቱታል፣ እጁ ሰፌድ ያህላል ሲል ሰማሁ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ እስካሁን ማንም አላየውም። ቅዳሜ ልወርድ ነው። በጉ ተወድዷል፣ ሁለት ዶሮ ይዣለሁ፤ የሞተር ሳይክል ዋጋም ለማወቅ ያህል ጠይቄያለሁ። ብቻ እባካችሁ፣ የልጁን ነገር ለማንም አታውሩ፤ እነዚያ ሰዎች ጆሯቸው ረጅም ነው።